ስምና አስማት፤ በጎንደር ስለ ስም መለወጥ የተጻፈውን ለመመርመር

በግዕዝ ሰዋስው «አስማት» የ«ስም» ብዙ ቍጥር ነው፤ «ስሞች» ማለት ነው። ዛሬ በአማርኛ ቃሉን ስለ ድግምትና ስለ ምትሐት ብንናገርበትም የጥንት ፍችው አልጠፋም፤ ደብተራው በክታብ ላይ የሚጽፈው አስማት በእርግጥም የስሞች ድርድር ነውና፤ የእግዚአብሔር ኅቡኣን ስሞች፥ የመላእክት ስሞች፥ የአጋንንትም ስሞች። ይህን የቋንቋ ነገር ያላስተዋለ ተመራማሪ፥ በጎንደር ከተማና በሰሜን ደጋ ሰው በዐዋቂ ምክር ስሙን የመለወጡን ልማድ ሲያገኝ፥ ወይ ከንቱ እምነት ነው ብሎ ያልፈዋል፥ ወይ ኮከብ ቈጠራ ነው ብሎ በማይገባው መደብ ያስቀምጠዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለቱን አስተያየት ጉድለት ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኮከብ ቈጠራው እንናገር። ታትሞ በየገበያው የሚሸጠው «ዐውደ ነገሥት» የሚያስተምረው ስልት በአጭሩ የሚከተለው ነው። የጠያቂው ስምና የእናቱ ስም ፊደል በፊደል ይጻፋል፤ ለየፊደሉ የተመደበው ቍጥር ይደመራል፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የቀረውም ከሐመል እስከ ሑት ካሉት 12 ከዋክብት አንዱን ያመለክታል። ከዋክብቱ በእሳት፥ በመሬት፥ በነፋስና በውኃ ባሕርይ ይከፈላሉ፤ ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ፥ ሸርጣን እየተባለ የሚቈጠረው ስማቸውም ከዐረብኛ የመጣ ነው። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰውየው የተወለደበት ቀንም ሆነ ሰዓት አልተጠየቀም፤ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ የተመለከተም የለም። ኮከቡ የስሙ እንጂ የልደቱ አይደለም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ተረቱ፤ በዚህ ስልት ግን ኮከብን የሚያወጣው ስም ነው። ስለዚህ ነገሩን ከባቢሎንና ከግሪክ የልደት ኮከብ ቈጠራ ጋር አንድ አድርጎ መተርጐም፥ በከዋክብቱ ስም መታለል ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። የእናት ስም አይለወጥም፤ የልጅ ስም ግን ይለወጣል። በሽታ ለጸናበት፥ ወይም ከታጨችለት ልጅ ጋር ኮከቡ አልገጥም ላለው ሰው፥ ከሁለቱ ድምሮች የሚንቀሳቀሰው የራሱ ስም ብቻ ነውና ዐዋቂው እጁን የሚያሳርፈው በዚያ ላይ ነው። እንዲያውም ስሙን መለወጥ ላያስፈልግ ይችላል። ሀ፥ ሐ፥ ኀ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሲሆን በሒሳቡ ግን ቍጥራቸው ልዩ ልዩ ነው፤ ሠና ሰ፥ ዐና አ፥ ጸና ፀም እንደዚሁ። ኃይሉ የተባለ ሰው ስሙ በኀ ሲጻፍ አንድ ኮከብ፥ በሀ ሲጻፍ ሌላ ኮከብ ሊወጣለት ይችላል። ስለ ሞክሼ ፊደላት መቀነስ ሊቃውንቶቻችን ብዙ ዘመን ሲከራከሩ ይህን ያነሣ መኖሩን አላስታውስም፤ ሞክሼዎቹ ቢቀነሱ ኖሮ የስንቱ ሰው ኮከብ ባንድ ቀን በተዛወረ ነበር።

ይህ ጸሐፊ በባሕር ማዶ ሲማር ያገኘው አንድ የታይዋን ተወላጅ ባልንጀራ፥ ወላጆቹ የፌንግ ሹይ ዐዋቂ አማክረው ስሙን እንደ ለወጡለት ነግሮት ነበር። የቻይናው ነገር ለእኛው ማስተያያ ይሆናልና ጥቂት ልናገር። «ፌንግ ሹይ» ቃሉ «ነፋስና ውኃ» ማለት ሲሆን፥ ጥበቡ በትክክል የሚመለከተው የቤትንና የመቃብርን አቀማመጥ ነው፤ የስም ሒሳብ ሌላ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን አንዱ ዐዋቂ ሁለቱንም ይዞ ይገኛል። በዚያ ሰው የተወለደበት ዓመት፥ ወር፥ ቀንና ሰዓት ይጠየቃል፤ ከእንጨት፥ ከእሳት፥ ከመሬት፥ ከብረትና ከውኃ የቱ እንደ ጐደለው ይፈለጋል፤ የጐደለውም በስሙ ፊደል ይሞላለታል፤ የፊደሉም ጭረት ይቈጠራል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት የጭረት አቈጣጠር ግን የቆየ አይደለም፤ በ20ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ጃፓናዊው ኩማሳኪ ኬኖ ያስፋፋው ነው። የቻይና መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ብዙ ፊደላትን በጭረት ሲያሳንስም፥ የሚቈጠረው አሮጌው ጭረት ነው ወይስ አዲሱ የሚል ክርክር በዐዋቂዎቹ መካከል ተነሥቷል። የእኛ ሞክሼ ፊደልና የእነርሱ ጭረት አንድ ጉዳይ ናቸው፤ በሁለቱም ዘንድ የሚቈጠረው የተጻፈው እንጂ የተሰማው ስም አይደለም። ልዩነቱ ቻይናዊው የልደቱን ጉድለት በስም ሲሞላ፥ የጎንደሩ ሰው ልደቱን ሳያነሣ ከስም ወደ ስም መሻገሩ ነው።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፥ ሁሉም አንድ መጽሐፍ ገዝቶ በየቤቱ ስሙን ለምን አይለውጥም? መጽሐፉን ብቻ የመረመሩ ሰዎች ያላነሡት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ በመጽሐፉ ውስጥ አይገኝም፤ ስም ጠሪ ያሻዋልና።

የአገሩ ሰው ባንድ ስም ብቻ አይኖርም። የጎንደሯን ቍስቋም ያሠሩት እቴጌ የዓለም ስማቸው ምንትዋብ፥ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር፤ ለየስሙም የየራሱ ጠሪ ነበረው። ተራው ሰው የመንግሥት ስም ባይኖረውም፥ ወንዱ በ40 ቀን ሴቷ በ80 ቀን የክርስትና ስም ይቀበላሉ። ይህን ስም ካህኑ በጸሎት፥ ደብተራው በክታብ ይጠሩታል፤ ለጎረቤትና ለባላጋራ ግን አይነገርም፤ ስሙን የያዘ ሰውየውን ያገኘዋልና። ብዙ ጊዜ መንደርተኛው የሰውየውን የክርስትና ስም መጀመሪያ የሚሰማው በፍትሐቱ ቀን፥ ከእንግዲህ ማንም ሊጐዳው በማይችልበት ጊዜ ነው።

ለዚህ ማስረጃው በክታቦቹ ራሳቸው ላይ አለ። በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት ከተከማቹት የብራና ክታቦች ብዙዎቹ የመጀመሪያው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው ናቸው። ጸሎቱ አልተነካም፤ ሥዕሉ አልተነካም፤ የተለወጠው «ለገብርከ» ወይም «ለአመትከ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቦታ ብቻ ነው። ካታሎግ አዘጋጆች ይህን «የባለቤት ለውጥ» ብለው ባንድ መስመር ያልፉታል። በእኔ አስተያየት ግን በአገሩ ስለ ስም ያለው አሳብ ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ በዚያች በተፋቀች ቦታ ይታያል። ስም የሰውየው መገኛ አድራሻ ነው፤ ጸሎቱ ወደ ማን እንደሚሄድ፥ ጋኔኑም ማንን ትቶ እንዲወጣ እንደ ታዘዘ የሚያስታውቀው እርሱ ነው። ስሙን በዐዋቂ ምክር የለወጠ ሕመምተኛም ዕድሉን አሻሻለ ከማለት አድራሻውን ለቀቀ ማለት ይቀላል። ወንድም እኅት ከሞተበት በኋላ የተወለደውን ሕፃን በማያምር ስም መጥራትም ከዚሁ ወገን ነው፤ ፈላጊው ሲመጣ እንዳያውቀው።

ከውጭ አገር ጸሐፊዎች መካከል ማርሴል ግሪዮል እ.ኤ.አ. በ1930 በፓሪስ የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጕሞ አሳትሟል። ሥራው ጥንቁቅ ነው፤ ነገር ግን ደብተራውን ከመጽሐፉ፥ መጽሐፉንም ከሚሰሙት ሰዎች ለይቶታልና፥ አንባቢው ደብተራ ማለት የመድኃኒት ዝርዝር የያዘ ሰው ብቻ ይመስለዋል። ከእርሱ ጋር በ1932 እ.ኤ.አ. ጎንደር የሰነበተው ሚሼል ሌሪስ የተሻለ አይቷል። ሌሪስ በባለ ዛሯ በመልካም አያሁ ቤት ተቀምጦ፥ ዛሩ ስሙን እስኪናገር ድረስ ሕመምተኛዋ እንደማታርፍ፥ ስሙም ከተነገረ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ በዚያ ስም ሲጠራው ነገሩ እንደሚረጋ ተመልክቷል። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ይህን «የሚኖሩት ቴአትር» ብሎ ከሚጫወቱት ቴአትር ለይቶታል። «ቴአትር» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ ማስመሰልን ስለሚያሳስብ እኔ አልወደውም፤ አስተውሎቱ ግን ትክክል ነው። አዲስ ስም የሚጸናው ተናጋሪው ስላመነበት ሳይሆን ሰሚው ስለ ተቀበለው ነው።

ይህ አስተያየት ታላቁን የአገሩን የስም ለውጥ ለመመርመርም ይረዳል። «ካሣ» ማለት ለጠፋ ነገር የሚከፈል ምትክ ነው፤ እንደ ምትኩና እንደ ማስረሻ፥ ብዙ ጊዜ ልጅ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ ይወጣል። የቋራው ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. የሰሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው፥ በጥቂት ቀናት ውስጥ፥ ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው እንዳሠሯት በሚነገርላት በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። በ«ፍካሬ ኢየሱስ» ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ተጽፎ ነበርና፥ ሕዝቡ ስሙን ከሰውየው አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በዚህ ላይ ታሪክ ጸሐፊዎች ሲከራከሩ፥ ንጉሡ በትንቢቱ ያምኑ ነበር ወይስ ለፖለቲካ ተጠቀሙበት ይላሉ። ጥያቄው የተሳሳተ ይመስለኛል። የሚጠየቀው ማን ጠራቸው ነው። በመቅደላ ከሞቱ በኋላ ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ፥ የትግሬው ካሣ ዮሐንስ ተብለው ነግሠዋል፤ እነዚህ የመንግሥት ስሞች ሲሆኑ የቴዎድሮስ ግን የተጠበቀ ስም ነበር፤ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ የሚያስቈጥረው ነገር ይኖረዋል። ስሙን በመጽሐፍ ያኖሩት ካህናት በምድራቸው ምክንያት ከንጉሡ ጋር ተጣሉ፤ የትንቢቱን መጽሐፍ የሚያነበው ከተማ፥ ጎንደር፥ በ1859 ዓ.ም. በዚያው ንጉሥ ትእዛዝ ተቃጠለ። ሕዝቡም በፉከራና በልቅሶ እስከ ዛሬ ድረስ «መይሳው ካሣ» ይላቸዋል። አቡኑ በደረስጌ የለወጡትን ስም ዘፋኙ መልሶታል ማለት ነው።

በዘመናችን የስም መካሪው ሌላ ሆኗል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ፥ ለውጡንም በፍርድ ቤት ፈቃድ አድርጎታል፤ ሕዝቡ ግን የቤተ ዘመድ ስም የሚባለውን አልጠራውምና በወረቀት ላይ ቀርቷል። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከጎንደርና ከሰሜን መንደሮች ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤል ደግሞ ብዙዎቹ ከጸሐፊና ከመምህር እጅ የዕብራይስጥ ስም ተቀበሉ፤ የአያታቸውም ስም የቤተ ዘመድ ስም ሆነ። በትምህርት ቤት አዲሱ፥ በእናት ቤት አሮጌው ይጠራ ነበር፤ ካደጉት መካከልም የአማርኛ ስማቸውን የመለሱ አሉ። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ለመሄድ በደላላ ምክር የእስላም ስም በፓስፖርታቸው ያስገቡት ክርስቲያን ሴቶችም ከዚህ የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ስለ እነርሱ ለመጻፍ ሌላ ጥናት ያስፈልጋል።

የቀረው ነገር እኛን ተመራማሪዎችን ይመለከታል። ክታብ የምንሰበስብ ሰዎች በመግለጫው ላይ የባለቤቱን ስም እንጽፋለን፤ ያም ስም የክርስትና ስም ነው። ክታቡ በ18ኛው ምዕት ዓመት የተጻፈ ከሆነ ጕዳት የለውም። ከባለቤቱ ወይም ከልጆቹ እጅ የተገዛ ሲሆን ግን፥ ከመንደር ሁሉ የተሰወረውን ስም የዓለም ስሙንና የመንደሩን ስም ጨምረን ማተማችን ነው። እኔ እንዲህ ባለው ክታብ መግለጫ ላይ የክርስትናው ስም ባይገባ እመርጣለሁ፤ የሚጎድለን እውቀት ጥቂት ነው። ስለ ተፋቁት ስሞች ግን ገና አልተነጋገርንም። ዛሬ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የተፋቀ ብራና ማንበብ ይቻላል፤ ብዙ ቤተ መጻሕፍትም መሣሪያው አላቸው፤ እነዚያን ስሞች የፋቃቸው እጅ ግን ማንም እንዳያነባቸው ብሎ ነው የፋቃቸው።