«ትእዛዝ» ስለሚለው ቃል አጠቃቀም፦ የተርሚናል ትሮችን አከፋፈት መነሻ በማድረግ

ለአንድ ሙያ የሚመረጥ ስያሜ የሚመዘነው በድምፁ ማማር ብቻ ሳይሆን፣ ሠራተኛው ስሕተት ሲያጋጥመው መንሥኤውን ለይቶ እንዲያይ በመርዳቱም ጭምር ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ በኮምፒዩተር ነክ ጽሑፎች የተለመደው «ትእዛዝ» ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት እናገኘዋለን።

ለአብነት ያህል የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ትሩ ሲከፈት ተርሚናሉ የተሰጠውን ትእዛዝ ተርጉሞ ይፈጽማል።» ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ ይህን አምኖ ሥራ የሚጀምር ሰው መሳሳቱ አይቀርም።

ተርሚናል የምንለው ፕሮግራም፣ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣውን ቪቲ 100ን የመሳሰሉ የቀድሞ መሣሪያዎችን ጠባይ በመስኮት ውስጥ ተክቶ የሚሠራ ነው። ተግባሩ ፊደል መቀበልና ማሳየት ሲሆን፣ የተጻፈውን የሚተረጉመው ሼል የተባለው ሌላ ፕሮግራም ነው። በግኖም ተርሚናል፣ ትር ሲከፈት የሚጀመረውን ሥራ ለመወሰን «ኢ» የተባለ አማራጭ አለ፤ ዛሬ እንዲተው ይመከራል። አንድ ሰው ለዚህ አማራጭ «ወደ ሥራ ማኅደሩ ግባ፤ ከተሳካም ዝርዝሩን አሳይ» የሚል ሐሳብ ያለው ጽሑፍ በሁለት የ«እና» ምልክቶች አያይዞ ቢሰጥ፣ ሥራው ሳይከናወን ይቀራል። ያው ጽሑፍ በሼሉ ላይ ሲጻፍ ግን ይሠራል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ተርሚናሉ ትእምርተ ጥቅስን እያከበረ ጽሑፉን በባዶ ቦታዎቹ ላይ ይከፋፍለዋል እንጂ አይተረጉመውም። የመጀመሪያውን ቃል የፕሮግራም ስም አድርጎ ይወስዳል፤ የቀሩትን፣ የ«እና» ምልክቶቹን ጭምር፣ ለዚያው ፕሮግራም ያስተላልፋል። ማኅደር መለወጫው «ሲዲ» ደግሞ የሼሉ የውስጥ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ባሽ የተባለውን ሼል በ«ሲ» አማራጭ ጠርቶ፣ ሙሉውን ጽሑፍ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንደ አንድ ቃል ማስረከብ ያስፈልጋል። ሥራው ሲያልቅ ትሩ እንዳይዘጋ ከተፈለገም በጽሑፉ መጨረሻ ሼሉን እንደገና ማስነሣት ይገባል።

የአማራጩ ስም አንድ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። በኤክስተርም ያው «ኢ» ከእርሱ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ የፕሮግራሙና የተከታዮቹ ድርሻ ያደርጋል። በዊንዶውስ ተርሚናል ደግሞ ድርብ ሰረዝ ትርን ከትር የሚለይ ሲሆን፣ ጽሑፉ በፓወርሼል ላይ ከተጻፈ ፓወርሼል ቀድሞ የራሱ መዝጊያ አድርጎ ይወስደዋል። ከዚህ ልዩ ትርጉሙ ነጻ የሚያደርገው ምልክት ካልቀደመው ለተርሚናሉ አይደርስም።

እንግዲህ በአንድ «ተርጉሞ» ውስጥ የተቀላቀሉት ተግባራት ሊለዩ ይገባል እንላለን። የሰዋስው ተማሪ ዐረፍተ ነገርን ወደ ክፍሎቹ ፈትቶ የየቃሉን ሙያ መናገሩ፣ ምስጢሩን ከመፍታት የተለየ ሥራ ነው። በዚሁ መሠረት ለተርሚናሉ «ተነተነ»፣ ለሼሉ «ተረጎመ»፣ ፕሮግራምን ለመጀመር «አስነሣ» ቢባል ይሻላል። ከስሞቹም ሳይከፋፈል የሚሰጠው «የትእዛዝ ጽሑፍ»፣ በፊት የሚገኘው ቃል «ፕሮግራም»፣ የቀሩት «ተከታዮች» ይባሉ። ለእነዚህ «ተሳቢ» የሚለውን የሰዋስው ቃል መዋስ ቢያምርም አንደግፈውም፤ ከተከታዮቹ አንዳንዶቹ ሥራው የሚያርፍባቸው ሳይሆኑ የአሠራሩን ስልት የሚወስኑ ናቸውና። «ትር» ግን፣ «ታብ» የቁልፍም የመሣሪያም ስም ሆኖ ስለሚያሻማ፣ ባለበት ይጽና።

በዚህ አሰያየም የተጠቀሰው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይታረማል፦ «ትሩ ሲከፈት ተርሚናሉ የትእዛዝ ጽሑፉን ተንትኖ ፕሮግራሙን ያስነሣል፤ የሚተረጎም ነገር ካለ ሼል መጠራት አለበት።» ከቀድሞው ይረዝማል፤ ሆኖም አንባቢው ስሕተቱን የት እንደሚፈልግ ያመለክተዋል።