በኤርታ አሌ ጥቁር ድንጋይ ላይ

በአፋር ያለው እሳተ ገሞራ ኤርታ አሌ ከባሕር ጠለል በላይ 613 ሜትር ብቻ ነው። የሰሜን ተራሮችን የወጣ እንግዳ ይህን ሲሰማ ይንቀዋል። እውነትም ዳገቱ አያስፈራም፤ ቀጭኑ ላቫ ርቆ እየፈሰሰ ስለረጋ ተራራው ጎኑ ሰፊ፣ አቀበቱ ለዘብ ያለ ነው። ሰው ስመራ የሚያሳስበኝ የምንረግጠው መሬት ነው።

ጥቁሩ ድንጋይ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ተሰባብሮ የተከመረ፣ ጫማ የሚበላ። ሌላው እንደተገመደ ገመድ ተጥመልምሎ የረጋ፣ ላዩ ለስላሳ። እንግዳ የመጀመሪያውን ይፈራል፤ እኔ ሁለተኛውን። ላዩ ቀድሞ ሲጠጥር ከሥሩ ያለው ትኩስ ላቫ ፈስሶ ያልቅና ቅርፊቱ ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በዱላ መታ ሲያደርጉት ድፍኑ ደረቅ ድምፅ ይሰጣል፤ ባዶው ያስተጋባል። ከተሰበረ እግር ይዞ ይገባል፤ ጠርዙ መስታወትነት ስላለው ቆዳ ይገሸልጣል።

ስለዚህ በሰልፍ እንሄዳለን። ከፊት መሬቱን የሚያውቀው የአፋር መሪ፣ ከኋላው እንግዶቹ፣ እሱ በረገጠበት እየረገጡ። ሙቀቱን ሽሽት የምንጓዘው በሌሊት ነው፤ የባትሪ ብርሃን ደግሞ ጥላ እየጣለ ጉድጓዱን ይደብቃል። ያኔ ጆሮ ከዓይን ይበልጣልና ወሬ አስቆማለሁ።

የእሳተ ገሞራው አፋፍ ጋ ስንደርስ አስቀድሜ ነፋሱን አያለሁ። የድኙ ጋዝ ወደ እኛ ከዞረ ቦታ እንቀይራለን። ነፋሱ ሌላም ነገር ያመጣል፤ ቅልጡ ዓለት ሲረጭ አየር ላይ ተመዞ የደረቀ፣ ከፀጉር የቀጠነ ወርቃማ የመስታወት ክር። በድንጋዩ ስንጥቅ ተከማችቶ ሲታይ እጅ ይጠራል። በባዶ እጅ የነካው ግን ስባሪው ጣቱ ውስጥ ይቀራል፤ ዓይን ውስጥ ከገባማ የከፋ ነው።

በጥር 2009 ዓ.ም. በአፋፉ ውስጥ የነበረው የቅልጥ ላቫ ሐይቅ ሞልቶ ገነፈለ፤ ወዲያው ወረደ፤ ቅልጡም ኪሎ ሜትሮች ርቆ በደቡብ ምሥራቅ በኩል በተከፈተ ስንጥቅ ወጣ። ከዚያ ወዲህ «ሐይቁን አሳያችኋለሁ» ብሎ ቃል የሚገባ መሪ ትክክል አይመስለኝም። ተራራው የዛሬ ወር ምን እንደሚመስል ማንም አያውቅም።

ለመሄድ ካሰባችሁ ሶሉ ወፍራም የሆነ ሽፍን ጫማ፣ ጓንትና የዓይን መነጽር ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት ሰሞኑን ከዚያ የተመለሰ ሰው ጠይቁ። የአፋሩ መሪ «እዚህ ይበቃናል» ካለ ለፎቶ ብላችሁ አንድም እርምጃ አትለምኑት።