ሕልሙንስ ምን ላድርገው?

የመጽሐፍ ውይይት ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አንድ ሰው መቼም አይጠፋም። መድረኩ ለጥያቄ ሲከፈት ቀድሞ እጁን ያወጣና «ለመሆኑ ደራሲው ምን ለማለት ፈልጎ ነው?» ይላል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሲል የከረመው ነገር እንዳልተባለ ሆኖ ማለት ነው! እኔ ግን በዚህ ሰው ለመሳቅ አፍ የለኝም። ያሠለጠንነው እኔና መሰሎቼ ነን።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ የጥንቱን የእንግሊዝ ግጥም አስተምር ነበር። ከማስተምራቸው አንዱ «ዘ ዋንደረር» የሚባለው የ115 ስንኝ ግጥም ነው፤ «ተንከራታቹ» እንበለው። ገጣሚው አይታወቅም። ርዕሱንም የሰጡት የኋላ ሰዎች ናቸው። ግጥሙ የተረፈው በ10ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ገደማ በተገለበጠ አንድ የብራና መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። በ1072 እ.ኤ.አ. የሞተው ጳጳስ ሊዮፍሪክ መጽሐፉን ለኤክሰተር ካቴድራል ሰጠው፤ ዛሬም እዚያው አለ። ፊት ፊቱ ያሉት ቅጠሎች ላይ የቢላ ጭረት ይታያል፤ የመጨረሻዎቹ ደግሞ እሳት በስቷቸዋል። እንዲህ ተርፎ የመጣን ነገር እኔ በአንድ መስመር ልጨርሰው ነበር።

ተንከራታቹ ጌታውን ከቀበረ ቆይቷል። ጌታ ስል በአዳራሹ የሚያበላውን፣ የሚሸልመውን አለቃውን ማለቴ ነው። በዚያ ዘመን አለቃ የሌለው ጦረኛ ቤትም ወገንም የለው። ስለዚህ ሌላ የሚያስጠጋው ፍለጋ በክረምት ባሕር ላይ ብቻውን ይቀዝፋል። የልቡን የሚያጫውተው ሰው የለም፤ ደግሞም የጨዋ ልጅ ሐዘኑን በሆዱ መያዝ አለበት ብሎ ያምናል። እንቅልፍ ሲጥለው ሕልም ያያል። ጌታውን አቅፎ ይስማል፤ እንደ ድሮው እጁንና ራሱን ጉልበቱ ላይ ያሳርፋል። ሲነቃ ከፊቱ ያለው የጠቆረ ማዕበል፣ ውሃ የሚራጩ የባሕር ወፎች፣ በረዶና ውርጭ ነው። ከዚያ ግጥሙ ይሰፋል። ስለ ፈራረሱ ግንቦች፣ ስለ ጠፉ ፈረሰኞችና አዳራሾች ያነሳል። በመጨረሻም የማይናወጠው ነገር ያለው በሰማዩ አባት ዘንድ ነው ብሎ ይዘጋል።

እኔ ምን አልኩ? «ጭብጥ፦ ዓለም ከንቱ ናት፤ መጠጊያው እግዚአብሔር ነው» ብዬ አስጻፍኩ። ለፈተና ያንኑ ጠየቅሁ። ተማሪው ሁሉ እንደ ቴፕ መልሶ አሰማኝ።

አንዲት ልጅ ብቻ ሌላ ጻፈች። ሰውየው የሚያለቅሰው ላበላው ሰው ነው፤ ወደ እግዚአብሔር የዞረው የሚያዋራው ሰው ስላጣ ነው፤ ማግኘቱን ግን ግጥሙ አይነግረንም፣ አለች። በቀይ እስክሪብቶ «ከጭብጡ ወጥተሻል» ብዬ ከአስር ሁለት ሰጠኋት። ወረቀቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። «መምህር፣ እሺ ሕልሙንስ ምን ላድርገው?» አለችኝ። «ሕልሙ ማስዋቢያ ነው» አልኳት። አመስግና ወጣች። ጨዋ ልጅ ነበረች፤ ሐዘኗን በሆዷ ያዘች።

ቆይቼ ሳነብ፣ በዚህ ጥፋት ብቻዬን እንዳልሆንኩ አየሁ። በዚሁ ብራና ውስጥ ያለውን «ዘ ሲፋረር» (ባሕረኛው) የተባለ ግጥም ኤዝራ ፓውንድ በ1911 እ.ኤ.አ. ሲተረጉም መንፈሳዊ መዝጊያውን ቆርጦ ጣለው። መነኩሴ የለጠፈው ነው ብሎ ነው። እሱ የፈለገው ባሕሩን ነዋ! ሌሎች ደግሞ በተቃራኒው፣ ባሕሩም ስደቱም የነፍስ ምሳሌ ነው ብለው ጀልባውንም ውርጩንም አተነኑት። አንዱ ጸሎቱን፣ ሌላው ብርዱን ጣለ። ዶሮቲ ዋይትሎክ የተባለች የታሪክ ምሁር ግን በ1950 እ.ኤ.አ. አንድ ተራ የሚመስል ነገር አስታወሰች፤ በዚያ ዘመን ለእግዚአብሔር ፍቅር ብለው የምር አገራቸውን ጥለው ባሕር የሚሻገሩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ባሕረኛው ምንም ሳይቆረጥለት፣ እየበረደውም እየጸለየም ሊነበብ ይችላል።

ወደ ተንከራታቹ ልመለስ። የግጥሙ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቸኛው ሰው ከምሕረት ጋር ስላለው ነገር ይናገራል። ግሱ «ገቢዳን» ነው። ይህ ግስ «መጠበቅ» ማለትም፣ «ማግኘት» ወይም «ለማየት መብቃት» ማለትም ይሆናል። ምሁራኑ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ይጠብቃል ካልን ሰውየው እስከ መጨረሻው ደጅ የቆመ ነው። ያገኛል ካልን ምሕረቱ እዚያው በረዶው ላይ እያለ ደርሶታል። እኔ የማስተምርበት ትርጉም አንዱን መርጦ ነበር፤ ሌላው መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ግን የጥንቱን ቋንቋ ሳታውቅ፣ ከሕልሙ ብቻ ተነስታ የተደፈነውን በር አንኳኳችው።

ሕልሙ ውስጥም ሌላ ቃል አለ። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ድሪህተን» እንደ እኛው «ጌታ» ለምድሩም ለሰማዩም ይባላል። ገጣሚው ግን ተንከራታቹ ጉልበቱ ላይ ራሱን ያሳረፈበትን ሰው «ሞንድሪህተን» ይለዋል። «ሰው» የሚለው ቃል ፊቱ ተጨምሮበታል፤ የሰው አለቃ ማለት ነው። ያቀፈው የሞተ ሰው ነው፣ ሌላ ምስጢር አይደለም።

እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ወርቅ ፍለጋ እንቸኩላለን። የቅኔ መምህራን ግን እንዲህ አላስተማሩንም። ወርቅ አለ ያለ ሰው ኅብረ ቃሉ የቱ ጋ እንዳለ በጣቱ ማሳየት አለበት። ማሳየት ካቃተው ወርቁን ከኪሱ ያመጣው ራሱ ነው። እኔም «ዓለም ከንቱ ናት» የሚለውን ከኪሴ ነበር ያመጣሁት። ውሸት አይደለም፤ ግጥሙ ውስጥም አለ። ግን ያንን ብቻ ለማለት ጌታውን የሚስም ሰው፣ ወፍ፣ ውርጭ ምን አስፈለገ? ሕልሙን ማስዋቢያ ነው ብሎ ያለፈ ሰው ግጥሙን አነበብኩ ሊል አይችልም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ውይይት ላይ ያ ሰውዬ እጁን ሲያወጣ አትሳቁበት። «አንተ ያልገባህ፣ ሊወጣልህ ያልቻለ ቦታ የቱ ጋ ነው?» ብላችሁ መልሱለት። እኔ ይህን ጥያቄ ቢሮዬ ድረስ ያመጣችልኝን ልጅ ሁለት ሰጥቼ መለስኳት። ስምንቱን ነጥብ አሁን ልጨምርላት ብል መዝገቡ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ።