ባዶ ሳጥንና የተደገመ ካርድ

የሕሙማን መዝገብ ከወረቀት ወደ መረጃ ቋት ሲዛወር፣ ያልታወቀ መረጃ እንዴት ይመዝገብ የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ለኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ ይተዋል። ይህ አሠራር ሊተች ይገባዋል፤ ጉዳቱ የሚደርሰው በሕመምተኛው ላይ ነውና።

ከዲማ ሪፈር ተጽፎላት ደብረ ማርቆስ ወደሚገኝ ሆስፒታል የመጣች አንዲት አራስ ለአብነት ትወሰድ። የተወለደችበትን ቀን አታውቅም፤ ስልክ የላትም፤ ለሕፃኗም ገና ስም አልወጣለትም። ሦስቱም ሳጥኖች ባዶ ናቸው፤ ምክንያታቸው ግን ይለያያል። የእናቲቱ የልደት ቀን አለ፣ አልታወቀም እንጂ፤ ስልኩ ግን ጭራሹን የለም። የሪሌሽናል ሞዴልን እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ኤድጋር ኮድ፣ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህ ሁለት ዓይነት ባዶነቶች እንዲለዩ ሐሳብ አቅርቧል። ኤስኪውኤል ግን ለሁሉም ያለው አንድ «ናል» ብቻ ነው።

የልደት ቀንን በግዴታ የሚጠይቅ ፎርም መፍትሔ አይሆንም። መዝጋቢው ሥራው እንዳይቆም «መስከረም 1» ብሎ ያልፋል፤ የፈጠራው ቀንም ከእውነተኛው ሳይለይ ይቀመጣል።

ድግግሞሽን መከላከሉም እንዲሁ ቀላል አይደለም። ስም፣ የአባት ስምና የልደት ቀን በአንድነት እንዳይደገሙ ገደብ ቢጣል፣ በፖስትግሬስኪውኤልና በማይኤስኪውኤል ልደቷ ያልተሞላ ሴት ሁለት ጊዜ ልትመዘገብ ትችላለች፤ አንዱ ናል ከሌላው ናል ጋር እኩል አይባልምና። በአንደኛው ካርድ የተጻፈው የፔኒሲሊን አለርጂ በሁለተኛው ላይ አይታይም። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ናሎች እንደ እኩል ስለሚቆጠሩ፣ ስልክ እንዳይደገም ከታዘዘ ስልክ የሌለው ሁለተኛ ሕመምተኛ አይመዘገብም። ፖስትግሬስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው 15ኛ እትሙ ጀምሮ ሁለቱንም አማራጮች ሰጥቷል፤ የቱም ቢመረጥ ግን አንዱን ሰው ከሌላው መለየት አይቻልም። ልደቱ ቢሞላ እንኳ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ስለዚህ እንዳይደገም መታሰር ያለበት ተቋሙ ራሱ የሚሰጠው የካርድ ቁጥር ነው። 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥርም ለያዙት ሰዎች እንዳይደገም ይታሰር፤ ያልያዘውን ግን ከካርድ ክፍል አይመልሰው። ያልታወቀው ባዶ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም በሌላ አምድ ይጻፍ። የካርድ ቁጥር ብቻውን ድግግሞሽን ስለማያስቀር፣ የሚቀራረቡ ስሞችን ኮምፒውተሩ ከነአባትና ከነቀበሌያቸው ያሳይ እንጂ ምዝገባውን አይከልክል። አንድ ሰው መሆን አለመሆናቸውን ሕመምተኛዋን ጠይቆ የሚወስነው የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። የእነዚህን ገደቦች ዝርዝር ሐኪሙና የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ሥርዓቱ ከመገዛቱ በፊት ሊመረምሩት ይገባል።