የማንነት መለኪያው ያልጠየቀው

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቡና ሊቅ ጂን ፊኒ በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የብሔረሰብ ማንነት መለኪያ ተማሪው ለወገኑ ያለውን ስሜት በ14 ጥያቄዎች ይመዝናል። ኩራትን ለመመዝገብ የሚደነቅ መሣሪያ ነው፤ ተማሪው ከሌሎች ዘንድ የሚሰጋውን ንቀት ግን አይጠይቅም።

ይህንኑ ተርጉሞ ሮቤ ከሚገኘው የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊት ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት አንደኛ ደረጃን በኦሮምኛ የተማረ የጎሮ ወጣት በወገኑ እየኮራ፣ አማርኛው እንዳይሳቅበት ዝም ሊል ይችላል። በአማርኛ ያደገ የጎባ ልጅም በኦሮምኛ በሚሠራ መሥሪያ ቤት ለሥራ ሲያመለክት ያው ሥጋት ሊያድርበት ይችላል። ሁለቱም ስለ ኩራት ሲጠየቁ ከፍተኛውን 4 ነጥብ ይሞሉ ይሆናል፤ የፕላን ባለሙያውም ውጤቱን አይቶ ችግር የለም ይላል። (መጠይቁ በአማርኛ ብቻ ከተዘጋጀማ ስሕተቱ እጥፍ ነው።) ስለዚህ መጠይቁ በሁለቱም ቋንቋዎች ይቅረብ፤ በማን ፊት፣ በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚያሳፍርም ይጠየቅበት።