«ሀብታም» ድብልቅና «ድሃ» ድብልቅ፦ በካርቡራቶር ቃላት አተረጓጐም ላይ የቀረበ ሒስ

ሞተር የተገጠመላቸውን ብስክሌቶች ስለ መጠገን የተዘጋጀ የአንድ መመሪያ ረቂቅ ትርጉም፣ ከቃላት ዝርዝሩ ጋር ለአስተያየት ቀርቦልን ተመልክተነዋል። ረቂቁ ገና ያልታተመ ስለ ሆነ የተርጓሚውን ስም መጥቀስ አላስፈለገንም። ድካሙ የሚናቅ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሮቹ የተቃኑ፣ ሥርዐተ ነጥቡም የተጠበቀ ነው። ሒሳችን የሚያተኵረው በአንድ አነስተኛ ዕቃ፣ ይኸውም ነዳጅንና አየርን አመጣጥኖ ወደ ሞተሩ በሚልከው በካርቡራቶር ላይ ነው። ዕቃው በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ቢሆንም፣ ስለ እርሱ የተጻፉት ጥቂት ገጾች ከመጽሐፉ ሁሉ ይልቅ ስሕተት የበዛባቸው ሆነው አግኝተናቸዋል።

ከስሙ እንጀምር። ረቂቁ «ካርቡራቶር»ን ትቶ «መቶስሕ» ይላል። ቃሉ «ተርጐመ» ብሎ «መተርጕም» እንደሚባለው ሁሉ «ቶስሐ»፣ ማለት ቀላቀለ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ስለ ሆነ በእርባታው በኩል ነቀፋ የለበትም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው፣ በቅኔ ትምህርቷ በታወቀችውና ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት በተማሩባት በደብረ ኤልያስ፣ የቅኔ ተማሪ የሆነ ሁሉ ቃሉን እንደ ሰማ ግሱን ያወርድልናል። ይሁን እንጂ ተማሪው የሚያውቀው ግሱን ብቻ አይደለም። «ቱሳሔ» በነገረ መለኮት የተለየ ቦታ ያለው ቃል ነው፤ የመለኮትና የትስብእት ተዋሕዶ ያለ ቱሳሔ መሆኑን እየሰማ ላደገ ሰው፣ ቃሉ በመጀመሪያ የሚያስታውሰው የተወገዘ ትምህርትን ነው። በዚያችው ከተማ ሞተር ለሚጠግን ሰው ደግሞ «መቶስሕ» ምንም አይነግረውም። እንግዲህ ቃሉ የሚያውቀውን ሰው ወደ ሌላ ሐሳብ ይወስደዋል፤ የተሠራለትን ሰው ግን ሳያገኘው ይቀራል።

ግእዝን የአዳዲስ ቃላት ምንጭ ማድረግን የምንቃወም አይደለንም። ነገር ግን ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴ ከጣሊያንኛ ገብተው በጋራዡ ቋንቋ ጸንተው ይኖራሉ፤ ካርቡራቶርም የእነርሱ ባልንጀራ ነው። ረቂቁ ራሱ ካንዴላንና ብሎንን እንዳሉ ተቀብሎ ካርቡራቶርን ብቻ ያስወጣበትን ምክንያት አልገለጸም። («ሞተር» የሚለው ቃል በአማርኛ አንድ ጊዜ አንቀሳቃሹን ክፍል፣ አንድ ጊዜ መላውን ተሽከርካሪ የሚያመለክት ስለ ሆነ ተርጓሚው በአንድ ቦታ «የሞተሩ ሞተር» ለማለት ተገዷል። በዚህ አንፈርድበትም፤ እኛም የተሻለ አላገኘንለትም።)

ከስሙ ይልቅ ያሳሰበን የጠባዩ አገላለጽ ነው። ነዳጅ የበዛበትን ድብልቅ ረቂቁ «ሀብታም»፣ ነዳጅ ያነሰበትን «ድሃ» ይለዋል። ይህ የእንግሊዝኛውንና የፈረንሳይኛውን ቃል ቃል በቃል ከመገልበጥ የመጣ ነው። ጣሊያንኛና ጀርመንኛ ግን ይህንኑ ጠባይ «ስብ» እና «ከሲታ» በሚሉ ቃላት ይገልጹታል፤ እንግሊዝኛውም ቢሆን ለሁለተኛው ጠባይ የሚጠቀምበት ቃል ጮማ የሌለበትን ሥጋ የሚያመለክተው ነው። ስለዚህ ምሳሌው በራሱ በአውሮፓም አንድ አይደለም።

በአማርኛ «ሀብታም» ምስጋና ነው፤ ሀብትን እንደ ጕድለት ቈጥሮ ሊያርመው የሚነሣ የለም። የነገሩን ክብደት የምንረዳው ደግሞ መመሪያው በደጋ አገር ሥራ ላይ ይውላል ብለን ስናስብ ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ለቈላ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደዚያ ሲወጣ፣ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚቀንሰውን ያህል ነዳጁ አይቀንስም። ሞተሩ ይታፈናል፤ ጥቍር ጢስ ያወጣል፤ ካንዴላውም ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። መፍትሔው ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ በጠበበ መለወጥ ወይም መርፌውን ዝቅ ማድረግ ነው። ረቂቁ ይህን ሁሉ «በከፍታ ቦታ ድብልቁ ሀብታም ይሆናል» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አልፎታል። አንባቢው የምሥራች የተነገረው መስሎት ገጹን ቢገልጥ ምን ይፈረድበታል?

እኛ የምናቀርበው «ወፈረ» እና «ቀጠነ» የሚሉትን ነው። ወጥ ሲወፍርና ሲቀጥን ያላየ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ሁለቱም ሲያልፉ ጕድለት፣ ሲመጠኑ ደግሞ ደኅና እንደ ሆኑ ሁሉም ያውቃል። «አየሩ ሲሳሳ ድብልቁ ይወፍራል» ቢባል ምክንያትና ውጤቱ በአንድነት ይታያሉ። «ወፍራም ዘይት» ከሚለው ጋር ይምታታል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ ተቃውሞው ግን «ድብልቅ» የሚለው ቃል ለአንድ ነገር ብቻ ከተጠበቀ ይወድቃል።

በዚህ ላይ ነው የረቂቁ ከባድ ስሕተት የሚገኘው። በብስክሌት ላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ሞተሮች ብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ናቸው። እነዚህ ለብቻው የተቀመጠ የሞተር ዘይት ስለሌላቸው፣ ፒስተኑን የሚያለሰልሰው ዘይት አስቀድሞ ከቤንዚኑ ጋር፣ ለምሳሌ ለ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት በሚል ምጣኔ፣ ይገባል። ይህ አንድ መቀላቀል ነው። ቀጥሎ ካርቡራቶሩ ይህንኑ ፈሳሽ ከአየር ጋር ያገናኘዋል፤ ይህ ሌላ መቀላቀል ነው። ረቂቁ ሁለቱንም «ድብልቅ» ይላቸዋል። ስለዚህ «ድብልቁ ሀብታም ከሆነ ቀንሰው» የሚለውን ትእዛዝ ያነበበ ሰው ዘይቱን ቢቀንስ ቃሉን አልጣሰም፤ ፒስተኑ ግን ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ነገሩን የሚያብሰው ሁለቱ ምጣኔዎች በተቃራኒ የሚሄዱ መሆናቸው ነው፦ ዘይት የጨመረ ሰው በዚያው ልክ ቤንዚኑን ስለሚቀንስ፣ ከአየር ጋር የሚገናኘውን ድብልቅ ያቀጥነዋል እንጂ አያወፍረውም።

ለመለየት ሦስት ቃላት መርምረናል። «ውሁድ» በኬሚስትሪ ትምህርት ለተዋሐዱ ንጥረ ነገሮች የተሰጠ ስለ ሆነ ለሁለቱም አይገባም። «ቅይጥ» ለቤንዚንና ለዘይት ተስማሚ መስሎን ነበር፤ ዳሩ ግን «ቅይጥ ቤንዚን» ሲባል ገዢው ባዕድ ነገር የገባበት፣ የተጭበረበረ ሸቀጥ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ «ድብልቅ»ን ለነዳጅና ለአየር አስቀርተን፣ ሌላውን በግልጽ «ዘይት የገባበት ቤንዚን» ብንለው ይሻላል እንላለን። ሦስት ቃል መሆኑ አያሳፍርም፤ የቃል ቍጠባ ሞተር ከማቃጠል አይበልጥም።

ስለ መርፌው አንድ ነጥብ እናንሣ። መርፌውን የሚይዘው ትንሽ ቀለበት ወደ ላይኛው እርከን ሲወጣ መርፌው ራሱ ይወርዳል፤ ድብልቁም ይቀጥናል። ረቂቁ «ቀለበቱን ከፍ አድርግ» ሊል ሲገባው «መርፌውን ከፍ አድርግ» በማለቱ ትእዛዙ ተገልብጧል።

ሁለቱ የማስተካከያ ብሎኖችም እንዲሁ ናቸው። በአየር ማጣሪያው በኩል ያለው ብሎን አየር ስለሚመጥን ወደ ውስጥ ሲጠብቅ ድብልቁን ያወፍራል፤ በሞተሩ በኩል ያለው ደግሞ ነዳጅ ስለሚመጥን ሲጠብቅ ያቀጥናል። «የአየር ብሎን» እና «የነዳጅ ብሎን» ተብለው መለየት ነበረባቸው። በረቂቁ የቃላት ዝርዝር ውስጥ ሁለቱም «የድብልቅ ብሎን» ተብለው በአንድ ተራ ቍጥር ተመዝግበዋል።