«ጃፓን ሠለጠነች» ስንል ማን ሠለጠነ?

ስለ አገር እድገት የሚከራከር ኢትዮጵያዊ ሁሌ የሚጠቅሳት አንዲት የሰው አገር አለችው። የኛ ትውልድ ሩዋንዳንና ቬትናምን ይጠራል። ከኛ በፊት የነበሩት ኮሪያን ይጠሩ ነበር፤ «በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ የዘመተላት አገር ዛሬ የት ደረሰች!» እያሉ። ከነሱም በፊት ጃፓን ነበረች። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት በአመዛኙ የተቀዳው ከጃፓኑ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ሄደው ያዩትን በመጽሐፍ አሳትመዋል።

ጥያቄውን በቀጥታ ርእስ ያደረገው ግን በ1946 ዓ.ም. የታተመው የከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ነው። መጽሐፉ ውለታ አለው። የጃፓንን መለወጥ ተአምር አያደርገውም፤ ትምህርትን ያስቀድማል፤ እነሱ ከቻሉ እኛስ ምን ያንሰናል የሚል ተስፋም ይሰጣል።

የኔ ቅሬታ ከርእሱ ይጀምራል። እስቲ «ሠለጠነች» የሚለውን ግስ እዩት። አገሪቱ አንዲት ልጅ ሆና፣ ትምህርት ቤት ገብታ፣ ተመርቃ የወጣች ያስመስላል። አገር ግን አንድ ሰው አይደለችም። ታዲያ የትምህርት ቤቱን ክፍያ የከፈለው ማን ነው?

የከፈለው ገበሬው ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1872 የግዴታ ትምህርት ታወጀ፤ በ1873 ደግሞ የግዴታ ውትድርናና በጥሬ ገንዘብ የሚከፈል የመሬት ግብር ተከተለ። ግብሩ የመሬቱ ዋጋ 3 በመቶ ነበር፤ ምርት ጠፋ ብሎ ነገር የለም። በየቦታው ገበሬዎች አመፁ፤ አዳዲሶቹን ትምህርት ቤቶች ያቃጠሉም ነበሩ። በ1876 የተነሣው ትልቅ አመፅ መንግሥትን አስደንግጦ ግብሩ በማግሥቱ ዓመት ወደ 2.5 በመቶ ወረደ። እኛ በሩቁ «ሥልጣኔ» የምንለው ነገር ለዚያ ገበሬ መጀመሪያ የደረሰው በቀረጥ ሰብሳቢና በወታደር መልማይ በኩል ነው።

ይህ ታሪክ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይሆንበትም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ፣ ለአዲስ አበባ ሹማምንት ነገሩ ዘመናዊ አሠራር ነበር። ሞጣና ቢቸና ላይ ግን ሌላ ነገር ታየ፦ ዛሬ ገማች ይመጣል፣ ነገ መሬት ለኪ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ርስት ይሄዳል። ገበሬው መሣሪያ አነሣ፤ መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ። የጎጃምን ገበሬ «ሥልጣኔ የማይገባው ኋላ ቀር» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ነገር ግን ሒሳቡን የሠራው በሚገባ ነው። ከኔ ምን ይወስዳል? ምን ይመልስልኛል? የጃፓኑም ገበሬ የጠየቀው ይህንኑ ነበር። ሁለቱን ያላገናኘ ንጽጽር የቤተ መንግሥት ንጽጽር ሆኖ ይቀራል።

ጃፓን ዛሬ ደጀን ሥር አለች። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣው መንገድ ዓባይን የሚሻገርበት፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይ የተሠራው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ነው፤ የተመረቀውም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ። ስሙ ህዳሴ ተባለ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚል ሊኖር ይችላል፤ የጭነት መኪና ይዞ በረሃውን ለሚወርድ ሹፌር ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ድልድዩ ይሸከመኛል? መንገዱ ሰላም ነው? ጤፉን ለሚሸጠው ገበሬም እንዲሁ፦ መንገዱ ሲያጥር ትርፉ ለነጋዴው ብቻ ሆነ ወይስ ለኔም ተረፈኝ? ስሙ «ህዳሴ» ስለሆነ ብቻ ማንም ይህን ሒሳብ አይተውም።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ይህ ገብቷቸው ነበር። እሳቸውም ጃፓንን በአርአያነት ያነሣሉ፤ ሆኖም ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የሀብትን ነገር የሚመረምሩት ከሠራተኛው ሕዝብ እውቀትና ልፋት ተነሥተው ነው። ከከበደ ሚካኤል መጽሐፍ በፊት ቢታተምም ለኛ ጊዜ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

እንግዲህ ስለ ቬትናም ወይም ስለ ሩዋንዳ የምትጽፉ ልጆች፣ የፎቁንና የጎዳናውን ፎቶ ለጥፉ፤ ክፋት የለውም። ከፎቶው ሥር ግን እዚያ ያለች አንዲት ገበሬ ምን እንደከፈለችና ምን እንዳገኘች ጨምሩበት። የደጀን አንባቢ ከራሱ ጋር የሚያስተያየው እሱን ነው።